«ሰው እንዳላስቸግር»፦ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር የደበቁት ሕመም

ጃንዋሪ 1፣ 2024 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22፣ 2016። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በፌርፋክስ ካውንቲ፣ አንድ ሰው 911 ደወለ። አምቡላንስ ፈልጎ ነው። የታማሚውን ሁኔታ ተናገረ። ከዚያ አንድ ልመና ጨመረ። አምቡላንሱ መብራቱንና ሳይረኑን አጥፍቶ መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገሩ ብዙ እንዳይታይ ፈልገው ነው። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ መኪናው መኖሪያ ሰፈር ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያጠፋው ነገሩት።

ታማሚው ሎይድ ኦስቲን ነበሩ። በወቅቱ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር።

የስልኩ ቅጂ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በዜና ወጣ። ብዙ ሰው የተነጋገረው ስለ ፖለቲካው ነው። እኔ ግን ልመናው ላይ ቀረሁ። ልመናውን አውቀዋለሁ። «ጎረቤት እንዳይሰማ» የምንለው ነው። አባት ታሞ በሌሊት ሐኪም ቤት የሚወሰድበት፣ ጠዋት ለጠየቀ ሁሉ «ትንሽ ጉንፋን ብጤ ነው» የሚባልበት ነገር ነው።

ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጽፈው የተነሳሁት ለዚህ ነው። ወንዶች ሕመማቸውን እንደማይናገሩ ሁላችንም እናውቃለን። ዝምታው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ማን ማን እንደሚሸከመው ግን በቀንና በሰዓት ተመዝግቦ አናገኘውም። የኦስቲን ጉዳይ ተመዝግቧል።

ኦስቲን በ1953 አላባማ ውስጥ ሞቢል ተወለዱ። ያደጉት ጆርጂያ፣ ቶማስቪል ነው። በ1975 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው 41 ዓመት አገለገሉ። በባለአራት ኮከብ ጄኔራልነት በ2016 ጡረታ ወጡ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ግዙፍ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ስለራሳቸው ማውራት የማይወዱ ሰው ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ራሳቸውም አይክዱም።

ዲሴምበር 2023 መጀመሪያ ላይ ምርመራ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው አሳየ። 70 ዓመታቸው ነበር። ዲሴምበር 22 ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ወደሚገኘው ዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ገቡ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው የፕሮስቴት ዕጢያቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። በማግስቱ ወደ ቤት ተመለሱ። እሳቸው ሰመመን ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ሥልጣናቸው ለምክትላቸው ለካትሊን ሂክስ ተላልፎ ነበር። ለምን እንደተላለፈ ግን ለሂክስ አልተነገራቸውም። ፕሬዚዳንት ባይደንም አላወቁም።

ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም ማንም አይሰማም ነበር።

አላለቀም። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ማቅለሽለሽ ጀመራቸው። ሆዳቸውን፣ ዳሌያቸውንና እግራቸውን ክፉኛ አመማቸው። ያ ስልክ የተደወለው ያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘባቸው። ጃንዋሪ 2 ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ። ሆዳቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የትንሹን አንጀት ሥራ አውኮታል። ከጨጓራ ወደ ታች መውረድ ያለበት ነገር ተመልሶ ይጠራቀማል። ሐኪሞቹ በአፍንጫቸው ቱቦ አስገብተው ጨጓራቸው ውስጥ የተጠራቀመውን ማስወጣት ነበረባቸው።

ይህን ትንሽ እንየው። የዓለም ኃያሉ ጦር ኃላፊ አፍንጫቸው ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ ተኝተዋል። ሰሞኑ የሁቲ ታጣቂዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን የሚያጠቁበት ነው። ምክትላቸው ፖርቶ ሪኮ ዕረፍት ላይ ናቸው። እዚያው እያሉ የሚኒስትሩ ሥልጣን እንደገና መጣላቸው። ምክንያቱ አሁንም አልተነገራቸውም። የኦስቲን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከጃንዋሪ 2 ጀምሮ ያውቃሉ፤ ግን እሳቸውም ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ተኝተዋል፤ መልእክቱ ዘገየ። ሂክስም ዋይት ሐውስም አለቃው ሆስፒታል መሆናቸውን የሰሙት ጃንዋሪ 4 ነው። አሜሪካ ባግዳድ ውስጥ የአየር ጥቃት ያደረሰችበት ዕለት ማለት ነው። ሕዝቡ የሰማው በማግስቱ፣ ዓርብ ማታ።

ዓርብ ማታ የወጣው መግለጫ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚነበብ ነው። ሚኒስትሩ በቅርቡ ካደረጉት «በምርጫ የተደረገ ሕክምና» በኋላ ችግር ገጥሟቸው ሆስፒታል ገብተዋል ይላል። ካንሰር የሚል ቃል የለውም። ቀዶ ጥገና የሚልም የለውም። በማግስቱ፣ እኛ ለገና ዶሮ በምንገነጥልበት ቀን፣ ኦስቲን ራሳቸው ሕዝቡ በአግባቡ እንዲያውቅ የተሻለ ማድረግ ይችሉ እንደነበር አምነው ጻፉ። አሁንም ካንሰር የለም። ባይደንም ሕዝቡም ካንሰሩን ያወቁት ጃንዋሪ 9 ነው።

«በምርጫ የተደረገ ሕክምና»። በእኛ ቤት የዚህ ቃል ወንድም «ጨጓራ» ነው። ሐበሻ ወንድ ከእምብርቱ በታች ያለ ምንም ነገር ሲያመው ጨጓራውን ነው የሚያመው። ጨጓራ ክብር አይነካም። ቡና ተወኝ፣ በርበሬ ተወኝ ብሎ ማውራት ይቻላል። ከፍ ካለ ኩላሊት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አይጠራውም።

ለምን እንደማይጠራ በግልጽ እንነጋገር። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት፤ የሽንት ቧንቧ በመሐሏ ያልፋል። ከዘር ፈሳሹ ከፊሉን የምትሠራው እሷ ናት። እሷ በቀዶ ጥገና ስትወጣ ለተወሰነ ጊዜ ሽንትን መቆጣጠር ሊያስቸግር ይችላል። የወንድ ብልት መቆምም እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል። ብዙዎች በወራት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እንግዲህ አንድ ወንድ «የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና አደረግሁ» ባለ ቁጥር ሰሚው ሳይጠይቅ የሚያስበው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው። ተናጋሪውም ያንን ያውቃል። ጥይት የመታው ወታደር ጠባሳውን ገልጦ ያሳያል። ዳይፐር ማድረግ የጀመረ ወታደር ለማን ያሳያል?

ምርመራውም እንደዚያው ነው። «የፕሮስቴት ምርመራ» ሲባል የብዙ ወንድ ሐሳብ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ጣት ምርመራው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ግን በደም ነው፤ ፒኤስኤ ይባላል፣ ዕጢዋ የምትሠራው ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ይለካል። ከክንድ ደም ይቀዳል፣ አለቀ። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለትም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥም፣ ሲቆጣም ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት መነሳት፣ ማጣደፍ፣ መንጠባጠብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከካንሰር ሳይሆን በዕድሜ ካበጠ ዕጢ ነው። ካንሰሩ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። «ሲያመኝ እሄዳለሁ» የሚለው የወንዶች ውል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ሲያም ሊዘገይ ይችላል። የኦስቲን በጊዜ የተገኘው ምርመራ ስለነበራቸው ነው። ሐኪሞቻቸውም ካንሰሩ ገና በጅምሩ እንደተገኘና የመዳን ተስፋቸው እጅግ ጥሩ እንደሆነ ጽፈዋል። ከሐኪም አልሸሹም ማለት ነው። የሸሹት ከወሬው ነው።

ፌብሯሪ 1፣ 2024 ፔንታጎን ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ወደ ሥራ ከተመለሱ ሦስት ቀናቸው ነበር፤ እግራቸውን ገና ያማቸዋል። «ይህን ነገር በትክክል አልያዝሁትም» አሉ። ለፕሬዚዳንቱ ስለ ካንሰሩ መንገር ነበረብኝ፣ ለባልደረቦቼና ለአሜሪካ ሕዝብም መንገር ነበረብኝ፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። ዜናውን ሲሰሙ ሆዳቸውን በቡጢ የተመቱ ያህል እንደሆነባቸው ተናገሩ። የመጀመሪያ ስሜታቸው ለራስ መያዝ እንደነበረ አልሸሸጉም። ከዚያ ያሉት ነገር በአማርኛ ቢባል ይሄ ነው፦ በራሴ ችግር ሰው ማስቸገር አልወድም፤ ጠባዬ አይደለም።

እዚህ ላይ ስደርስ ያገሬን ሰው ሁሉ ነው የሰማሁት። «ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው።» ስንት አባት፣ ስንት አጎት ይህን ብሎናል! ከልቡ ነው የሚለው። ኦስቲንም ከልባቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን እስቲ ማን ተቸገረ ብለን እንቁጠር። ምክትላቸው በማያውቁት ምክንያት የጦሩን ኃላፊነት ተሸክመው ዕረፍታቸው ላይ ተቀመጡ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው በታመሙበት አልጋ ምስጢር ያዙ። ስልኩን የደወለው ረዳት አለቃው በሕመም ላይ እያሉ ስለ ሳይረን ድምፅ ማሰብ ነበረበት። ቃል አቀባዩ መግለጫው ስላልጠራቸው ቃላት በኋላ መልስ ሊሰጥ ቆመ። ባይደን ሚኒስትራቸው ሆስፒታል መሆናቸውን ለቀናት ሳያውቁ ቆዩ። ለማንም ሸክም ላለመሆን የተፈለገበት ነገር ለሁሉም ተከፋፈለ።

ፔንታጎን በ30 ቀን ውስጥ የራሱን ግምገማ አድርጎ ነበር። ክፉ ሐሳብ ወይም ሆን ብሎ የመሸፋፈን ሙከራ አላገኘሁም አለ። ያገኘው ሌላ ነው። ሐኪሞቹ የግል ጤና ሕግ ስላለባቸው ለረዳቶቹ በግልጽ መንገር አልቻሉም። ረዳቶቹ ደግሞ መጠየቅ ከበዳቸው። የሰሙትንም ለሌላ መናገር ከበዳቸው።

ይህን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ማንም አልዋሸም። ሁሉም አክብሮ ነው ዝም ያለው። አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሕመሙ ካልተናገረ «ምን ሆነህ ነው?» ማለት ይከብዳል፤ ነውር ይመስላል። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። አባት ሽንት ቤት ሲመላለስ ልጁ ያያል። ሚስት አንሶላውን ታጥባለች። ወንድሙ ከስቷል ይላል። ሦስቱም ያውቃሉ፣ ሦስቱም አይነጋገሩም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይመልሳል። ሰላምታችን ራሱ ለሕመም ቦታ የለውም። ብዙ ጊዜ ሕመማችንን የምናወራው ካለፈ በኋላ ነው፤ «አሞኝ ነበርኮ፣ አልነገርኋችሁም።» ይህን ስንል ደግሞ ትንሽ ኩራት አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለሌላ ሰው ስንመክር እንጠቀምበታለን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ልጆቹ ጋ የሚደርሰው ነው። በአሜሪካ ከስምንት ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል። በጥቁሮች ከስድስት አንድ ነው። ኦስቲን ራሳቸው እነዚህን ቁጥሮች በዚያ መግለጫ ላይ ጠቅሰዋል። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ወንዶች ስለ ምርመራው ከሐኪማቸው ጋር በ50 ዓመት መነጋገር እንዲጀምሩ ይመክራል። ጥቁር ከሆኑ በ45። አባቱ ወይም ወንድሙ ከ65 ዓመት በፊት የታመመበትም በ45። እኛ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ሐኪም ቤት ስንገባ ቅጽ እንሞላለን። «ከቤተሰብ በካንሰር የታመመ አለ?» ይላል። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሐበሻ ምን ይመልሳል? አባቱ በምን እንደሞቱ የተነገረው «ሽንት ከልክሏቸው ነበር፣ ከዚያ አረፉ» ነው። ወይም «ዕድሜ ነው»። ስለዚህ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሐኪሙም ያንን አይቶ ያልፋል። አባትየው ልጁን እንዳያስጨንቅ ብሎ የያዘው ነገር ለልጁ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው መረጃ ነበር።

የኮንግረስ ሰዎች ግን በዚህ በኩል አላዩትም፤ የማየትም ግዴታ የለባቸውም። ፌብሯሪ 29 ኦስቲን ምክር ቤት ፊት ቀርበው ተጠየቁ። የምክር ቤቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ማይክ ሮጀርስ ፕሬዚዳንቱ ለማወቅ ሦስት ቀን መፍጀቱ በፍጹም ተቀባይነት የለውም አሉ። ልክ ናቸው። የፔንታጎን ዋና ኢንስፔክተርም በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት በሥራው ላይ የደረሰ ጉዳት አላገኘሁም፣ አደጋው ግን ያለ አስፈላጊነት ጨምሮ ነበር አለ።

በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ተቃራኒው ሆነ። ጃንዋሪ 17፣ 2024 የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ፕሮስቴታቸው እንዳበጠና ሊታከሙ እንደሆነ ቤተ መንግሥታቸው ተናገረ። ገና ሳይታከሙ ነው። ያበጠው በካንሰር እንዳልሆነም ተነገረ። በዚያ ቀን የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ስለ ፕሮስቴት ማበጥ የጻፈው የኢንተርኔት ገጽ ጎብኚው ከወትሮው ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን አልታመሙም። ቀድሞም ሌሊት ሌሊት ይነሱ የነበሩ ናቸው። ሽማግሌ ንጉሥ «እኔም» ሲል ሰሙ። ንጉሡ ጃንዋሪ 29 ከሆስፒታል ወጡ። ኦስቲንም ወደ ፔንታጎን የተመለሱት በዚያው ዕለት ነው። በኋላ ንጉሡ ከፕሮስቴት ሌላ የሆነ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ዓይነቱን አልተናገሩም። ያም መብታቸው ነው። ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም፤ አለብኝ ማለት ይበቃል።

ኦስቲንም ፌብሯሪ 1 ላይ ወደዚያ መጡ። ወንዶችን በተለይም ዕድሜያቸው የገፋውን ተመርመሩ ብለው ለመኑ። የቦክሰኛ ቋንቋ ተጠቀሙ። ይህ ካንሰር አገጩ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው፣ ሐኪም ቀድሞ ካገኘው ይጥለዋል አሉ። እውነታቸውን ነው። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘ፣ አምስት ዓመት የማይኖር ሰው ከስንት አንድ ነው። ተሰራጭቶ ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያ ሁሉ የተደበቀባቸው ባይደን ራሳቸው በሜይ 2025 ይኸው በሽታ ተገኘባቸው፤ አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ነበር። በተነገራቸው በሁለተኛው ቀን ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ሰው ጠባዩን በአንድ ቀን አይቀይርም፤ ኦስቲንም ቀየሩ አልልም። ግን መዝገቡ የሚያሳየው አለ። ፌብሯሪ 11 የሽንት ፊኛ ችግር ገጥሟቸው እንደገና ዋልተር ሪድ ገቡ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ተኙ። በዚያው ቀን ምክትላቸው፣ ዋይት ሐውስ፣ ኮንግረስም ሕዝቡም አወቁ። መግለጫው ላይ የሽንት ፊኛ የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። በሜይ 24 ደግሞ ለዚያው ችግር ቀጠሮ ነበራቸው። ያለ ቀዶ ጥገና የሚደረግ አጭር ሕክምና ነው። ቃል አቀባያቸው አስቀድሞ ተናገረ። ሂክስ ሥራውን ተረከቡ፤ በዚህ ጊዜ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያዙት። ከዚያ ኦስቲን ሥልጣናቸውን ተረክበው ማታ ወደ ቤታቸው ገቡ።